የተሰበረ የስልክ ስክሪን ቤት ውስጥ ልቀይር ወይስ ልተወው?

የዘጌዋ ቡና ነጋዴ

ጤና ይስጥልኝ። ስልኬ ሳምሰንግ ኤ10ኤስ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡናዬን ጭኜ ከዘጌ ባሕር ዳር ስደርስ፣ ከጀልባው ወርጄ ጆንያውን ልቀበል ስል ስልኩ ከጉያዬ ሾልኮ የወደቡ ድንጋይ ላይ በፊቱ ተደፋ። ከዚያም ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ገባ። አንድ ልጅ ዘሎ አወጣልኝ፤ አባታችን ሆይ ደግሜ የምጨርስበትን ያህል እንኳ አልቆየም።

መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሏል። ሥዕሉ ይታያል፤ ከወገቡ በታች ግን ብነካው አይሰማም። የጥሪ ማንሻው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ደንበኞቼ ይደውላሉ፣ እኔ ስማቸውን እያየሁ ይዘጋል። ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥል ነገር አላየሁም።

አንድ ጠጋኝ 5,500 ብር ጠየቀኝ። ስክሪኑ ብቻውን ግን 3,200 ብር እንደሚሸጥ ሰማሁ። በእጅ ሥራ አልታማም፤ የቡና መፈልፈያ ሞተር ፈትቼ ገጥሜ አውቃለሁ። ራሴ ብሞክረው ምን ይገጥመኛል? መስታወቱን ብቻ መቀየርስ አይቻልም?

የፔዳ ተማሪ

እህቴ፣ ከመክፈትሽ በፊት ስልኩ ውስጥ ያለውን አውጪ። ኦቲጂ የሚባለውን ትንሽ ገመድ ገዝተሽ የኮምፒውተር ማውስ ሰኪበት፤ ቀስት ይመጣልሻል። በማውሱ እየተጫንሽ ስልክ ቁጥሮችሽንና ፎቶግራፎችሽን ወደ ሚሞሪ ካርድ ትገለብጫለሽ። የቴሌብርሽንም ሒሳብ በዚያው ታያለሽ። እኔ ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌን ያዳንኩት በዚህ ነው።

ባለ ጀልባው

2,300 ብር ለማትረፍ ስልክ ማጣት ይመጣል። ለጠጋኝ ስጪው። የእኔ ጎረቤት የስክሪኑን ሙጫ አለሰልሳለሁ ብሎ ስልኩን ለብ ያለ ምጣድ ላይ አስቀመጠው። ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ።

ጠጋኙ ከሽምብጥ

በዚህ ሥራ 9 ዓመት ሆኖኛል። ባለ ጀልባው ስለ ምጣዱ ያለው እውነት ነው፤ እኔም ዘንድ እንዲያ ያለ ስልክ መጥቶ ያውቃል። ነገር ግን ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ይህን አይችልም አልልም።

መስታወቱን ብቻ የሚለውን እርሺው። መስታወቱና ሥዕል የሚያወጣው ክፍል አየር በማያሳልፍ ሙጫ አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው፤ የሚላቀቁት በማሽን ነው። የምትገዢው ሙሉውን ነው።

ስትገዢ "ኤ10" ብለሽ እንዳትጠይቂ። ኤ10 እና ኤ10ኤስ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ስክሪናቸው አይተካካም። ያንቺ ሞዴል ኤስኤም-ኤ107ኤፍ መሆን አለበት፤ ሴቲንግ ውስጥ "ስለ ስልኩ" የሚለው ላይ ታገኚዋለሽ። በሳምንት አንድ ሰው የተሳሳተ ስክሪን ገዝቶ ይመጣል፤ ሻጩ ደግሞ የአዲሱ ስክሪን መሸፈኛ ፕላስቲክ ከተላጠ አይመልስም። ስለዚህ አትላጪው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ስክሪን ከመግዛትሽ በፊት ክፈቺው። አጥፊው፣ የሲም ማስቀመጫውን አውጪ፣ የጀርባውን ክዳን ዙሪያ በፀጉር ማድረቂያ አሙቂና በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ጥግ ቀስ እያልሽ ዙሪው። ቢላዋ አታስጠጊ። የጣት አሻራ ማንበቢያው ጀርባው ላይ ስለሆነ ክዳኑን በአንድ ጊዜ አትንጪው፣ ሽቦው ሊበጠስ ይችላል። ብሎኖቹን ፈትተሽ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀዪ። ሶኬቶቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካየሽ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል አጽጂ፤ ለቁስል የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ነው፣ የቀረው ውሃ ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ዝገት አያስለቅቅም። ይህን ሳያጸዱ አዲስ ስክሪን ሰክተው "የሸጡልኝ የሞተ ነው" ብለው የሚጣሉ ሰዎችን ብዙ አስታርቄአለሁ።

ብሎኖቹን ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ሥለሽ በየቦታቸው በፕላስተር ለጥፊ። ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባሽ ቦርዱን ይበሳዋል፣ ያን ጊዜ እኔም አልረዳሽም።

ከዚያ ሳትለጥፊ ሞክሪ። አዲሱን ስክሪን ሰክተሽ፣ ባትሪውን መልሰሽ፣ አብሪው። የመደወያው ሰሌዳ ላይ *#0*# ጻፊ፤ የሳምሰንግ መፈተሻ ይከፈታል። "ተች" የሚለውን ነክተሽ በጣትሽ ጠርዝ ለጠርዝ ቀለም ቀቢው። ያልተቀባ ካሬ ከቀረ ስክሪኑን መልሺ። የሚያሳዝነኝ ይህን የሚዘል ሰው ነው፤ ለጥፎ ጨርሶ ነው ጥግ ላይ እንደማይሠራ የሚያውቀው።

ጥሩ ከሆነ አጥፍተሽ ባትሪውን እንደገና ንቀዪ፣ የተሰበረውን አሙቀሽ አውጪ። በፊት ግን ሰፊ ስኮች ለጥፊበት፣ ስብርባሪው ዐይን ይገባል። ፍሬሙ ላይ የቀረውን ሙጫ እስኪለሰልስ ፋቂ፤ የሩዝ ቅንጣት የምታህል ስባሪ ከቀረች አዲሱ እሷ ላይ ይሰነጠቃል። ቢ-7000 ሙጫ በቀጭኑ ዙሪያውን አፍስሺ፣ በላስቲክ አስረሽ አሳድሪው። ሙሉ ለሙሉ የሚደርቀው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ልለይ። ድንጋይ ላይ በፊቱ ስለወደቀ የፍሬሙን ማዕዘኖች እዪ። ከተጣመመ ከነፍሬሙ መግዛት ይኖርብሻል። ያኔ የተጣበቀውን ባትሪ ማንሳት ይመጣል። ባትሪ ከተበሳ ይነድዳል። እዚያ ከደረስሽ ዝጊውና ለሚያውቅ ሰው ስጪው፤ እኔ ዘንድ አምጪው ማለቴ አይደለም።

የዘጌዋ ቡና ነጋዴ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሬሙ ደህና ነበር። ከሶኬቶቹ በአንዱ ላይ ነጭ ነገር አገኘሁ፣ አጸዳሁት። መብራት በመሃል ስለጠፋ ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ስክሪን በመፈተሻው ታች በግራ በኩል አልቀባ አለኝ፤ ሳልልጠው ስለነበር ሻጩ እያጉረመረመ ቀየረልኝ። አሁን ሁሉም ይሠራል፤ ብቻ የሚያናግረኝ ሰው ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

ጠጋኙ ከሽምብጥ

ሙጫ ከላይ ያለችውን የጆሮ ወንፊት ሸፍኗታል። በመርፌ አትውጊያት፣ ትቀደዳለች። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ በጎን በኩል ጥረጊያት፤ ካልለቀቀ ብሩሹን በአልኮል ትንሽ ነክሪው። ስታጸጂ ስልኩን በፊቱ ድፊው፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ።

የዘጌዋ ቡና ነጋዴ

ለቀቀ። ቅዳሜ ስመጣ አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ይዤልህ እመጣለሁ፤ ስልኩ በዚህ ጊዜ በመቀነቴ ታስሯል።