ጥንታዊ የሚመስሉት የቻይና ነሐሶች፦ ሐሰተኛ ናቸው ወይስ ቅርስ?

አወያይ፦ በቻይና የሻንግና የዡ ነገሥታት ዘመን ለአባቶች መንፈስ ምግብና መጠጥ የሚቀርብባቸው የነሐስ ዕቃዎች ይሠሩ ነበር። የዡ ሥርወ መንግሥት ካለፈ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ የሶንግ፣ በኋላም የሚንግና የቺንግ ዘመን ባለሙያዎች እነዚያኑ ቅርጾች መልሰው ሠሩ። ሙዚየሞች ኋለኞቹን ከቀደሙት እኩል አክብረው ማሳየት አለባቸው?

ሙዚየም ወዳድ፦ የለባቸውም። በሚንግ ዘመን ማብቂያ አዲስ ነሐስን አረንጓዴ ዝገት አልብሶ አሮጌ የማስመሰል ዘዴ በጽሑፍ ሳይቀር ይታወቅ ነበር። ስንት ገዢ ተታሎበታል! ይህን ቅርስ ብዬ መጥራት ይከብደኛል።

የታሪክ ተማሪ፦ እርስዎ የሚሉት ስለ ነጋዴው ነው፤ እኔ ስለ ሠሪው ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1104 ጥንታዊ ደወሎች ከመሬት ወጡ። የሶንግ ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግ እነርሱን አርአያ አድርጎ ለቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ አዳዲስ ደወሎች አሠራ። ማንን ሊያታልል? አሠሪው ባለ ዙፋኑ ራሱ ነው! በ1127 ከሰሜን የመጡት ጁርቼን የተባሉ ወራሪዎች የሶንግን ዋና ከተማ ካይፈንግን ይዘው የሥርዓት ዕቃዎቹን ሲዘርፉ፣ ወደ ደቡብ የሸሸው ቤተ መንግሥት ሥርዓቱ እንዳይቋረጥ ዕቃዎቹን እንደገና አሠራ፤ ከፊሎቹንም በሸክላ። ይህ ማጭበርበር ከተባለ እኔ አልቀበልም።

አንጥረኛ፦ በእጄ ስለማውቀው ልጨምር። የሻንግ ሠሪ የሸክላ ቅርጽ በቁራጭ በቁራጭ አዘጋጅቶ ይገጥማል፤ ነሐሱን የሚያፈስሰው በመካከሉ ነው። ስለዚህ በመገጣጠሚያው ላይ ቀጭን መስመር ሊቀር ይችላል። ከኋለኞቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ግን በሰም ነው፦ ሰሙ ይቀረጻል፣ ጭቃ ይለበጣል፣ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፣ ነሐሱ ቦታውን ይይዛል። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው መነሻው ይኸው ጥበብ አይደል? ቅይጡም ይለያል። የጥንቱ መዳብ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ነው፤ ከሚንግ ወዲህ ባለው ብዙ ጊዜ ዚንክ ይገኛል። መልኩ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው፤ ሠሪውም ሊመሰገንበት ይገባል።

ሙዚየም ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ሙያዎን አከብራለሁ። ነገር ግን የሹዋንዴ ማኅተም ያለባቸውን የዕጣን ማጨሻዎች ምን ይሏቸዋል? ያ የሚንግ ንጉሠ ነገሥት የገዛው ከ1425 እስከ 1435 ነው፤ ማኅተሙን የያዙት አብዛኞቹ ማጨሻዎች ግን ከእርሱ በኋላ የተሠሩ ናቸው። በነሐስ ላይ የታተመ ውሸት አይደለም?

የታሪክ ተማሪ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። የቀደመ ንጉሥን ማኅተም ለክብር ያተመ አለ፣ ለገበያ ያተመም አለ። ስለዚህ መግለጫው ላይ «የሹዋንዴ ማኅተም ያለበት፣ በቺንግ ዘመን የተሠራ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ደግሞም ብዙ የዡ ዕቃዎች ላይ የተቀረጸው ቃል «የልጅ ልጅ ለዘለዓለም ይገልገልበት» የሚል ነው። ቅርጹን ተቀብለው ያቆዩትን የልጅ ልጆች እንዴት ከደጅ እንመልሳለን?

ሙዚየም ወዳድ፦ መግለጫው በጉልህ ከተጻፈ ይታዩ። በአንድ መስታወት ውስጥ ግን አይቀላቀሉ።

አንጥረኛ፦ እኔ ደግሞ ጎን ለጎን ይቀመጡ እላለሁ። ያን ቀጭን መስመር ጎብኚው የሚያስተውለው መስመር የሌለውን አጠገቡ ሲያይ ነው።