ሴል ፕሮቲን ለመሰባበር ለምን ኤቲፒ ያወጣል?

ጠያቂው (ደሴ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ነገ ስለ ዩቢኲቲን ክፍል ውስጥ ማቅረብ አለብኝ። ሴል የማይፈልገውን ፕሮቲን ዩቢኲቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ለጥፎበት ወደ ፕሮቲያሶም፣ ማለትም ወደ ፕሮቲን መሰባበሪያው፣ እንደሚልከው ገብቶኛል። ግን ጨጓራ ውስጥ ፔፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ሥጋውን ያለ ኤቲፒ (ያለ ሴል የጉልበት ሞለኪውል) ይቆራርጠው የለ? ሴል ምን ቤት ነው ለማፍረስ ጉልበት የሚያወጣ? ኢ1፣ ኢ2፣ ኢ3 የሚሏቸው ዩቢኲቲን ለጣፊ ኢንዛይሞችም ተምታተውብኛል። መብራት ሳይሄድ ድረሱልኝ።

የኮምቦልቻዋ፦ አብሽር። ፔፕሲን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ነው የሚቆራርጠው። ሴል ግን መርጦ ነው፤ መምረጥ ደግሞ ወጪ አለው። ኢ1 በኤቲፒ ዩቢኲቲንን ያነቃና ለኢ2 ያቀብለዋል። ኢ3 የሚወገደውን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፤ ዩቢኲቲኑም እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ላይሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ። ሰው ውስጥ ኢ1 2 ብቻ ነው፣ ኢ2 ወደ 40፣ ኢ3 ግን ከ600 በላይ። ለምን በዛ ካሉህ፣ መራጩ እሱ ስለሆነ ነዋ።

ጡረተኛው መምህር (ወልድያ)፦ ልጄ፣ ጥሩ ብለሻል፤ ሁለተኛውን ወጪ ግን ዘለልሽው። አንተ ደግሞ ፕሮቲያሶሙን ሰሌዳው ላይ እንደ በርሜል ሣለው። 4 ቀለበት ተደራርቦ፣ እያንዳንዱ ከ7 ቁራጭ የተሠራ። የሚቆርጡት ቦታዎች ሆዱ ውስጥ ናቸው። ውጭ ቢሆኑ ኖሮ ደህናውንም ፕሮቲን በጨረሱት። በሩ ጠባብ ነው፤ የተጠቀለለ ፕሮቲን አያስገባም። ስለዚህ ክዳኑ ኤቲፒ እያወጣ ፕሮቲኑን ይተረትርና እንደ ክር ያስገባዋል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ዩቢኲቲኑስ አብሮ ያልቃል?

ከሐይቅ፦ ኧረ አያልቅም። ወፍጮ ቤት ስልቻ ይፈጫል እንዴ? ክዳኑ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ነቅለው ይመልሱታል፣ እንደገና ይሠራል። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዩቢኲቲን የተለጠፈበት ሁሉ ይፈርሳል እንዳትል። ዋናው የማፍረሻ ምልክት በላይሲን 48 (በዩቢኲቲኑ 48ኛ ቦታ ላይ ባለው ላይሲን) የተያያዘ የዩቢኲቲን ሰንሰለት ነው፤ ብዙ ጊዜ 4 ዩቢኲቲን ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በላይሲን 63 ከተያያዘ ለዲኤንኤ ጥገናና ለመሳሰለው ነው። አስተማሪዎች እዚህ ጋ መያዝ ይወዳሉ።

የኮምቦልቻዋ፦ ጥቅሙ ምንድን ነው ብለው ካፋጠጡህ ቦርቴዞሚብን ጥቀስ። የበርሜሉን መቁረጫ የሚዘጋ መድኃኒት ነው፣ ለመልቲፕል ማይሎማ ካንሰር ይሰጣል። የካንሰሩ ሴሎች ፕሮቲን በገፍ ስለሚያመርቱ፣ ቆሻሻው ሲከማችባቸው ከሌላው ቀድመው ይሞታሉ። የ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል የሲካኖቨር፣ የኸርሽኮና የሮዝ መሆኑን በአንድ መስመር አስገባ፤ ከዚያ በላይ ጊዜህን አትፍጅበት።