ብርቱካናማው ግድግዳ ሠራተኞቹን አስጨነቃቸው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ድርጅት አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ወደ አዲስ ቢሮ ስንዛወር «ቢሮው አርማችንን ይምሰል» ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። የአርማችን ቀለሞች ደማቅ ብርቱካናማና ጥቁር ሰማያዊ ናቸው። አርማው በኮምፒውተር የተሠራበትን የቀለም ቁጥር ለቀለም ቀቢው ሰጠሁት፤ 11 ሜትር የሚረዝመው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ተቀባ።

ክፍሉ ባዶ ሳለ ሳየው ልቤ ሞልቶ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ገብተው 14 ሰዎች ፊታቸውን ወደዚያ ግድግዳ አዙረው መሥራት ሲጀምሩ ግን ሌላ ሆነ። ከቀትር በኋላ ዓይናችን ይደክማል ይላሉ። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሰው ፊት ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ቀለሙ በመግቢያው ላይ ከተሰቀለው አርማ ጋር አለመመሳሰሉ ነው፤ ቀን ሌላ፣ ማታ መብራት ሲበራ ሌላ።

አለቆቼ «ሁሉንም ነጭ አድርጊው» ብለዋል። እጄ እምቢ አለኝ። ሰዎቹ በቀን ለ8 ሰዓታት የሚቀመጡበት ቤት ነው፤ ሕይወት እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ቀለሙን ሳንተው ሰዎቹን የማያስጨንቅ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፤ ከአንድ ቀለም ቀቢ

እህቴ፣ ቀቢውን አይውቀሱት። የኮምፒውተር ማያ ቀለሙን የሚያወጣው በራሱ ብርሃን ነው። ግድግዳ ግን ከመስኮትና ከአምፖል የተቀበለውን ብቻ ይመልሳል፤ ስለዚህ የማያውን ቁጥር ወደ ቅብ መገልበጥ ግምት ነው። ፓንቶን የሚባለው የቀለም መለያ ቁጥር ቢኖራችሁም እርሱ በዋናነት ለኅትመት የተዘጋጀ ነው። እንደ ራል ወይም ኤንሲኤስ ካለ የቅብ ቀለም መዝገብ ላይ በዓይን አመሳክረው ይምረጡ።

ሲመርጡ በጥፍር ልክ ናሙና አይወስኑ፤ ያ ቁራጭ ግድግዳ ላይ ሲሰፋ በጣም ይበረታል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሰሌዳ ሁለት እጅ ቀብተው፣ ከግድግዳ ግድግዳ እያዛወሩ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይዩት። እኔ ይህን ሳላደርግ ባልዲ አልከፍትም። የማያብለጨልጭ ቅብ ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው የመብራቱን ነጸብራቅ ዓይን ውስጥ ይከታል።

መልስ፤ ከአንዲት የቢሮ ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ

ነጭ አያድርጉት፤ እባክዎን። የተሳሳተው ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ነው። አርማ የሚሠራው ሰው ለአፍታ አይቶት እንዲያስታውሰው ነው፤ ግድግዳ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮን ይውላል። ጠንካራ ብርቱካናማ አይተን ዓይናችንን ወደ ነጭ ማያ ስንመልስ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጥላ ይታየናል። የሐኪሞች የቀዶ ሕክምና ልብስ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ደም ሲያዩ የቆዩ ዓይኖች ነጭ ልብስ ላይ አረንጓዴ ጥላ ስለሚያዩ። የእርስዎ 14 ሰዎች ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን በግድግዳውና በማያው መካከል ሲያመላልሱ ይውላሉ።

ስለዚህ ወይ ጠረጴዛዎቹን ያዙሩ፣ ወይ ቀለሙን። ብርቱካናማው ሰው የሚያልፍበትና የሚደርስበት ቦታ ይሁን፦ የእንግዳ መቀበያ፣ የኮሪደር መጨረሻ፣ የበር ጠርዝ፣ የመደርደሪያ የውስጥ ገጽ። ተከፍቶ ብቅ የሚል ቀለም ከተዘረጋ ቀለም ይልቅ ልብ ይነካል፤ ይህን በብዙ ቢሮ አይቼዋለሁ። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ብርሃን ይውጣል። ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ከማዋል ወለሉ ላይ ያውርዱት፤ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቁርጥራጭ ምንጣፍ ሲበላሽም አንድ በአንድ ይቀየራል።

በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነጣ ያለ ግራጫ ይሁን፤ ፊትን የሚያቀልመው እርሱ ነው። አርማው ከተናጋሪው ጀርባ ይሂድ። አምፖሎቹንም ይፈትሹ። አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረው ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ፣ የብርሃኑ ቃና (ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱ) 4000 ኬልቪን አካባቢ ቢሆን ቀለሙ ቀንና ማታ ያን ያህል አይራራቅም።

መልስ፤ ቀለም መለየት ከሚቸግረው ሰው

ቀይና አረንጓዴ ይምታቱብኛል። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ክፍሎቹን በቀለም ብቻ ለይቶ ስለነበር ለወራት የማልፈልገውን በር ስከፍት ኖሬአለሁ። ብርቱካናማና ሰማያዊ ለእኔ በደንብ ይለያሉ፤ ጥሩ ጥንድ ነው ያላችሁ። ያም ሆኖ በየበሩ ላይ ቁጥርና ስም ጻፉ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠረጴዛዎቹን አዞርናቸው፤ ብርቱካናማው አሁን ከሰዎቹ ጀርባ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ሳልጠይቃት መጥታ «ዛሬ ዓይኔን አላሸሁም» አለችኝ። ጀርባቸው ላይ ሆኖም ብርሃኑ ማያዎቹ ላይ እንዳያርፍ ስለምፈራ የግድግዳውን ሁለት ሦስተኛ ነጣ ባለ ቀለም ለማስቀባት አስቤያለሁ። ሰሌዳው ተቀብቶ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ነገ ማታ መብራት ሲበራ ቆይቼ አየዋለሁ። ቀቢው ወንድማችን፣ ብርቱካናማው ከሥር እንዳይወጣብኝ መጀመሪያ ምን ልቀባበት?