«ቼርማን» ይቅር ወይስ ይቆይ? «ማን» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ሕግና መመሪያ ውስጥ ያሉት «ቼርማን» (ሰብሳቢ)፣ «ማንካይንድ» (የሰው ልጅ)፣ «ማንፓወር» (የሰው ኃይል) ሴቶችን ስለሚያስቀሩ ይለወጡ የሚሉ አሉ። ይቆዩ የሚሉት ደግሞ «ማን» ከጥንቱ ሰው ማለት እንጂ ወንድ ማለት አልነበረም ብለው ይሟገታሉ። አብዛኞቻችሁ ሰነድ የምትተረጉሙና የምታርሙ ስለሆናችሁ ማስረጃ አምጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ። የምንነጋገረውም ስለ እንግሊዝኛው «ማን» ነው፤ የአማርኛው የጥያቄ ቃል ለጊዜው ይረፍ።

ፊደል ቆጣሪ፦ እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «ማን» ጾታ ሳይለይ ሰው ማለት ነበር። ወንዱ «ዌር»፣ ሴቷ «ዊፍ» ይባሉ ነበር። መለየት ሲያስፈልግ «ዊፍማን» ሲሉ ሴት የሆነች ሰው፣ «ዌፕንድማን» ሲሉ ደግሞ መሣሪያ ያለው ሰው፣ ማለትም ወንድ ማለታቸው ነው።

«ዌር» በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከአፍ ጠፋ። ቅሪቱ ሰው ሆኖ ተኩላ በሚሆነው «ዌርዎልፍ» እና በጥንቱ የደም ካሳ፣ እኛ ጉማ በምንለው፣ «ዌርጊልድ» ውስጥ አለ። «ዊፍ» ጠብቦ ሚስት ብቻ ሆነ። ሰፊው ትርጉሙ ግን አዋላጅ በሚባለው «ሚድዋይፍ» ላይ ተርፏል፤ «ሚድ» ማለት «ከ… ጋር» ስለሆነ ከሴቲቱ ጋር ያለች እንደማለት ነው። «ዊፍማን» በበኩሉ መጀመሪያ ፍ ተዋጠና «ዊማን» ሆነ፤ ቀጥሎ ከ«ው» ድምፅ አጠገብ ያለው አናባቢ ከንፈር ክብ ወደሚያደርገው ድምፅ ተሳበና የዛሬው «ዉማን» ወጣ። ብዙ ቁጥሩን ስንናገር ግን አሁንም «ዊመን» ነው የምንለው፤ የጥንቱ አናባቢ እዚያ ተቀምጧል። ስለዚህ «ዉማን» ከወንድ የተቀጠለ ስም ነው የሚባለው ሐሰት ነው። ሴትን ሰው ብሎ የጠራን ቃል በደለኛ ማድረግ አይገባም።

የሕግ ተርጓሚ፦ ፊደል ቆጣሪ፣ የዘር ቆጠራህ ልክ ነው፤ መደምደሚያህ ግን ከእሱ አይከተልም። «ዌር» ሲጠፋ ቦታውን የወረሰው ራሱ «ማን» ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ሰው ማለትንም ወንድ ማለትንም ያዘ፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ጉልበት ያለው አንባቢ ሆነ።

ማስረጃው እነሆ። በ1850 የእንግሊዝ ፓርላማ የሕጎችን ቋንቋ ለማሳጠር ባወጣው ሕግ፣ በወንድ ጾታ የተጻፈ ሁሉ ሴትንም እንደሚጨምር ደነገገ። የእኛ አዋጆች «በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል» የሚሉት ያው ስልት ነው። በ1867 የምርጫ ሕጉ ሲሻሻል የፓርላማ አባሉ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል «ማን» ወጥቶ ጾታ የማይለየው «ፐርሰን» ይግባ አሉ፤ ሐሳቡ 196 ለ73 ወደቀና ሕጉ «ማን» እንዳለ ወጣ። እንግዲያው የ1850ው ሕግ ያካትተናል ብለው በማንቸስተር 5,346 ሴቶች መራጭ ሆነው ለመመዝገብ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ በ1868፣ ቾርልተንና ሊንግስ በተባሉት ወገኖች ስም በሚታወቀው መዝገብ፣ እዚህ ሕግ ውስጥ «ማን» ሴትን አይጨምርም ብሎ ዘጋው። በተመሳሳይ የወንድ ቃል በተጻፈው የግብር ሕግ ግን ግብሩ ከሴቶቹም ይሰበሰብ ነበር!

በነገራችን ላይ ለሴቶቹ ከቆሙት ጠበቆች አንዱ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት የሲልቪያ ፓንክኸርስት አባት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ያቋቋሙት የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት አያት ናቸው።

ቶሮንቶ፦ ታዲያ «ፐርሰን» ቢባል ይዳን ነበር? እዚህ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያው በ1867 የወጣው የካናዳ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 24 ስለ ሴኔት ሲናገር ብቃት ያላቸው «ፐርሰንስ» ይሾሙ ነው የሚለው። «ማን» የሚል የለበትም። ሆኖም በኤፕሪል 1928 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴቶች በዚህ አንቀጽ ከተባሉት ፐርሰኖች ውስጥ አይገቡም ብሎ ወሰነ። አምስት የአልበርታ ሴቶች ጉዳዩን ያኔ ለካናዳ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው ለንደን ወዳለው የፕሪቪ ካውንስል ወስደው ኦክቶበር 18 ቀን 1929 አስሻሩት። ችግሩ ከቃሉ ሳይሆን ከዳኛው ነበር። ቃል ስትቀይሩ ብትውሉ፣ ሴትን ማስገባት የማይፈልግ ዳኛ የትኛውንም ቃል ይጠመዝዛል።

የሕግ ተርጓሚ፦ ቶሮንቶ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የምትረቺው ግን ግማሹን ነው። በ1868ም ዳኞቹ የተደገፉት በቃሉ ብቻ አልነበረም፤ ሴቶች በልማዳዊው ሕግ የመምረጥ ችሎታ የላቸውም የሚል መሠረት ነበራቸው። ይህን አልክድም። ልዩነቱ የመጣው በይግባኝ ነው። የፕሪቪ ካውንስሉ ሎርድ ሳንኪ ያሉት በአጭሩ «ፐርሰን ሴትን ለምን ይጨምራል ለሚል ጠያቂ መልሱ ለምን አይጨምር ነው» የሚል ይዘት አለው። ይህን ማለት የቻሉት ቃሉ ሁለቱንም ጾታ በግልጽ ስለሚሸከም ነው። «ማን» ላይ ይህ መልስ ይሠራ ነበር? የማንቸስተሮቹ መብት የመጣው በትርጓሜ አይደለም፤ በ1918 ፓርላማው በአዲስ ሕግ ሠላሳ ዓመት ለሞላቸው ሴቶች ከነቅድመ ሁኔታው ሲፈቅድ፣ ከወንዱ እኩል የሆኑት ደግሞ በ1928 ነው።

ግዕዝ ቤት፦ ስትጣሉ አንድ ነገር ልጣል። ግዕዝ ሦስቱንም ቃል ሳያጠፋ ይዟል፦ ሰብእ (ሰው)፣ ብእሲ (ወንድ)፣ ብእሲት (ሴት)። ሰውን በጠቅላላው ሲጠራ ደግሞ «እጓለ እመሕያው» ይላል፤ የሕያዋን እናት ልጅ ማለት ነው፤ መለያው በሔዋን በኩል ነው። አማርኛው ግን እንግሊዝኛው የሄደበትን መንገድ በከፊል ሄዷል። «ሰው» ሁሉንም ይይዛል፤ «ሰውዬው» ሲባል ግን ወንድ ብቻ ነው፣ ተቃራኒው «ሴትዮዋ» ናት። እንዲያም ሆኖ «ሰው ሁሉ» ስንል ሴት ቀረች የሚል የለም። ለእንግሊዞቹ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ?

አርታኢዋ፦ ግዕዝ ቤት፣ ንጽጽሩ ያምራል እንጂ አይገጥምም። እኛ ወንድ ለማለት ቅጥያ እንጨምራለን፤ ባዶው «ሰው» ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ባዶው ቃል ራሱ ነው ወንድ የሆነው። «ማን በር ላይ ቆሟል» ብለህ በእንግሊዝኛ ብትናገር ሴት የሚጠብቅ የለም። ጀርመኖች ለሰው «ሜንሽ»፣ ለወንድ «ማን» ብለው ስለለዩ ተረፉ። ጥንታዊው እንግሊዝኛም የ«ሜንሽ» ዘመድ የሆነ «ሜኒሽ» ነበረው፤ ጣለው።

አንባቢ ምን እንደሚያይ የሚያሳይም ሙከራ አለ። በ1973 ሽናይደርና ሃከር የተባሉ የሶሺዮሎጂ ሰዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ርዕሶች ሰጥተው ለየርዕሱ የሚሆን ሥዕል አምጡ አሏቸው። «ፖለቲካል ማን» ዓይነት ርዕስ ከተሰጣቸው 64 በመቶው ወንድ ብቻ ያለበት ሥዕል አመጡ፤ «ፖለቲካዊ ባሕርይ» ዓይነት ከተሰጣቸው ግን ግማሽ ያህሉ። ግማሹም ብዙ ነው፤ ቃሉ ሁሉንም አያብራራም፣ የአሥራ አራቱ ነጥብ ልዩነት ግን የቃሉ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ እንግዲያው የ1948ቱ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ምን ሊባል ነው? የአርቃቂው ኮሚሽን ሰብሳቢ ኤሊኖር ሩዝቬልት ራሳቸው «ኦል ሜን» («ሜን» የ«ማን» ብዙ ቁጥር ነው) ሲባል ሴትም እንዳለችበት ይታወቃል ብለው ተከራክረዋል።

አርታኢዋ፦ ተከራክረዋል፤ ግን አልረቱም። የሕንዷ ሐንሳ ሜህታ በያዙት አቋም አንቀጽ 1 «ኦል ሂዩማን ቢይንግስ» (የሰው ልጆች ሁሉ) ተብሎ ወጣ። ምክንያታቸው አንዳንድ አገሮች ቃሉን ቃል በቃል ወስደው ሴትን ያስቀራሉ የሚል ነበር፤ የማንቸስተርን ነገር ለሚያውቅ ስጋቱ ባዶ አይደለም። አስቂኙ፣ እዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «ብራዘርሁድ» (ወንድማማችነት) ሳይነካ ቀረ።

ቶሮንቶ፦ እሺ፣ ይለወጥ እንበል። ከዚያ ግን መንጥሮ መቁረጥ ይመጣል። በጃንዋሪ 2021 አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጸሎቱን «ኤሜን ኤንድ ኤውመን» ብለው ዘጉት፤ በ«አሜን» ውስጥ «ሜን» ያለ ይመስል «ዊመን»ን ጨመሩበት። አሜን እኮ ዕብራይስጥ ነው፤ ከእኛው «አመነ» ጋር አንድ ሥር።

አርታኢዋ፦ ሰውየው በኋላ የቃላት ጨዋታ ነው ብለዋል፤ ስሕተቱ ግን በሰነድ ላይ በየጊዜው ይደርሳል። ስለዚህ ሥራውን እንዴት እንደምንሠራ ልጻፍ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው።

በኮምፒውተር «ማን» የሚለውን ፈልገህ ሁሉንም በ«ፐርሰን» ተካ ማለት አይሞከርም። «ማኔጀር»፣ «ማኑዋል»፣ «ማንዴት»፣ «ማኑፋክቸር» ከላቲን «ማኑስ»፣ ከእጅ የመጡ ናቸው። «ሂዩማን» ከላቲን «ሁማኑስ» ነው፤ ከእንግሊዝኛው «ማን» ጋር አይዛመድም። «ጀርመን» እና «ማንቸስተር» ውስጥም ፊደሎቹ ተደብቀዋል። «ፊሜል» (ሴት) ራሱ ከ«ሜል» (ወንድ) የወጣ አይደለም፤ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል መጥቶ አጻጻፉ ብቻ ወደ «ሜል» ተጠጋ። ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉ የሚገኝባቸውን ሁሉ በዝርዝር አውጣ፤ አንድ በአንድ እያየህ ሂድ። መተኪያውም አንድ አይደለም። ለእሳት አደጋ ሠራተኛ «ፋየርፋይተር»፣ ለ«ማንፓወር» እንደ ዐውዱ «ስታፍ» ወይም «ወርክፎርስ»፣ ሰው ለሚያበራት መንኮራኩር የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እንደሚለው «ክሩድ» (ሠራተኞች ያሉባት)። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ በ2019 የመንገድ ላይ ጉድጓድ መግቢያውን «ማንሆል» ን «ሜንቴናንስ ሆል» (የጥገና ጉድጓድ) አድርጋለች፤ አጭሩ «ማን» ወደ «ሜንቴናንስ» ረዝሞ የካርታ ምልክቱ «ኤም ኤች» እንደነበረ መቆየቱ ጥሩ ዕድል ነው።

ከዚያ ተውላጠ ስሙን አትርሳ። ርዕሱን «ቼር» (ወንበር) ካደረግህ በኋላ አምስት መስመር ዝቅ ብሎ የወንዱ «ሂ» (እሱ) እና «ሂዝ» (የእሱ) ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው፤ ሕግ ላይ ይህ ከሁሉም የበዛው ስሕተት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሴት ስትሾም «ቼርፐርሰን»፣ ወንድ ሲሾም «ቼርማን» ይላል፤ ያኔ ገለልተኛው ቃል የሴት መለያ ሆነ ማለት ነው። «ቼር» ይሻላል፤ ሰብሳቢውን ሰው በወንበሩ መጥራት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ አዲስ ሰነድ ላይ እሺ፤ «ቼር» ን እቀበላለሁ። የድሮ ጽሑፍ ግን አይነካ። በ1776 በአሜሪካ የነጻነት መግለጫ «ኦል ሜን» የተባለውን ማንም ዛሬ አያቃና።

የሕግ ተርጓሚ፦ እዚህ እንስማማለን፤ ለኛ ግን የከፋው እሱ ነው። ያንን ወደ አማርኛ ስትመልስ «ሰዎች ሁሉ» ካልክ የቃሉን ጥርጣሬ ሰርዘህ ለጸሐፊዎቹ ያልሰጡትን ሰጠሃቸው። «ወንዶች ሁሉ» ካልክ ያላሉትን ደምድመህ ጻፍክ። በ1848 በአሜሪካዋ ሴኔካ ፎልስ ለሴቶች መብት የተሰበሰቡት መግለጫውን ቀድተው «ኦል ሜን ኤንድ ዊመን» ያሉት ያን ክፍተት ስላዩት ነው፤ ሁለቱን ሰነድ ጎን ለጎን የሚተረጉም ሰው በመጀመሪያው ላይ «ሰዎች» ብሎ ከጀመረ ሁለተኛው ለምን እንደተጻፈ አንባቢው አይገባውም። እኔ «ሰዎች» ብዬ የግርጌ ማብራሪያ አስገባለሁ።

ግዕዝ ቤት፦ «ኦምቡድስማን» ስ? የእኛው ተቋም በእንግሊዝኛ ስሙ እንደዚያ ነው።

አርታኢዋ፦ ከስዊድንኛ የመጣ ነው፤ ውስጡ ያለው «ማን» የእንግሊዝኛው ዘመድ ነው። በአንዳንድ አገር «ኦምቡድስ» ብለው ቆርጠውታል። በሕግ የተሰየመ ተቋም ስም ግን አርታኢ አይቆርጠውም፤ ሕጉ እስኪሻሻል እንዳለ ይጻፋል። በአማርኛው «እንባ ጠባቂ» ስለሆነ ችግሩ የለብንም።

ቶሮንቶ፦ እኔ አሁንም ዳኛው ላይ ነኝ።