ድሬ ላይ በሳይክል ወደ ሥራ ለምትመላለሱ፤ ብራችሁን መጀመሪያ ምን ላይ ታውሉት?

"ባጃጅ ደሞዜን ጨረሰው። ሳይክል ልገዛ ነው። የቱ ይሻለኛል? መንገዱስ አያሰጋም?" ብሎ ሳቢያን የሚኖር፣ ከዚራ የሚሠራ ወዳጄ ጠየቀኝ። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው።

በአጭሩ፣ ከማርሽና ከመልክ በፊት ፍሬንና መብራት። የቀረው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ስለሚቀየር።

መሀል ድሬ ሜዳ ነው። 21 ማርሽ ቢኖራችሁ የምትነኩት ሁለቱን ሦስቱን ነው። የድሮው ፊኒክስ ጠንካራ ነው፤ ጭነትም ይችላል። ግን ከባድ ነው፤ በብረት ዘንግ የሚሠራው ፍሬኑም ቶሎ አያቆምም። ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ ላይ እኔ አልመርጠውም። አዲሱ የቻይና ማውንቴን በየቦታው አለ፤ መለዋወጫውም አይቸግርም። አሞርዛተር ያለውን ግን ተዉት። በርካሹ ሳይክል ላይ የሚጨምረው ክብደት ነው። ለኮብልስቶኑ ከሆነ ሰፋ ያለ ጎማ ይበቃል፤ 1.75 ወይም 2 ኢንች። ያገለገለ የውጭ ሳይክል ካገኛችሁና ቸርኬው ካልተጣመመ፣ ከአዲሱ ርካሽ እሱን አስቀድሙ።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ ይሄን አድርጉ። የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊት ግፉት። የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት። ቀጥሎ የኋላውን ብቻ ይዛችሁ ግፉ፤ ጎማው ሳይሽከረከር መጎተት አለበት። የፍሬኑ እጀታ ማኑብሪዮውን (መሪውን) እስኪነካ የሚገባ ከሆነ ካቦው ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል። ሻጩ "ይስተካከላል" ካላችሁ እሺ በሉት፤ ግን አስተካክሎ ሲጨርስ እንደገና ሞክሩት። ቸርኬውን በሁለት በኩል ከሚይዘው ቪ ፍሬንና ከርካሹ ዲስክ የቱ ይሻላል ለምትሉ፣ እኔ ቪውን እመርጣለሁ። ሸራው በቀላሉ ይገኛል፤ ማለቁንም በዓይን ታዩታላችሁ። አሸዋ ሲገባበት ቸርኬውን ስለሚፈገፍግ በየሳምንቱ በጨርቅ ጥረጉት።

መብራት ላይ አትሰስቱ። ታይዋን ገበያ ብትገቡ በትንንሽ ክብ ባትሪ የሚሠሩትም፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞሉትም አሉ። የሚሞላውን ግዙ። መብራት ቢጠፋ እንኳ በፓወር ባንክ ይሞላል፤ የክቡ ባትሪ ደግሞ እየደከመ ሲሄድ አታውቁትም። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ። የሚያበራና የሚጠፋው ቶሎ ዓይን ይስባል። ቋሚው ደግሞ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ርቀታችሁን እንዲገምት ይረዳዋል። ሲመሽ እኔ ቋሚውን ነው የማበራው። ቀንም ቢሆን ከዚራ ዛፎች ሥር ስትገቡ የኋላውን አብሩት። ከዚያ ሁሉ ፀሐይ ወደ ጥላ የሚገባ ሾፌር ለአፍታ ዓይኑ አያይም።

የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት ሰደርያ ጥሩና ርካሽ ነው። ብርማው ጥብጣብ ያለበትን ምረጡ። ቢጫው ጨርቅ ለቀን ነው። ማታ በመኪና መብራት የሚያበራው ጥብጣቡ ነው። ፔዳል ላይ ያሉትን አንጸባራቂዎች አትንቀሉ። ከፍ ዝቅ ሲሉ ሾፌሩ ሳይክል መሆኑን ከሩቅ ይለያል።

ሄልሜት ስትገዙ ውስጡን አገላብጡት። EN 1078 (የአውሮፓ የሳይክል ሄልሜት ደረጃ) የሚል ምልክት ካለበት ለሳይክል ተብሎ የተሠራ ነው። ከቅንድባችሁ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ መራቅ አለበት፤ ወደ ኋላ ከተንጋለለ ግንባራችሁን አይሸፍንም። አንዴ ክፉኛ ከተጋጨ፣ ከውጭ ምንም ባይመስልም ቀይሩት። የሞተር ሄልሜት በድሬ ሙቀት አይመከርም፤ አናደደኝ ብላችሁ ማኑብሪዮው ላይ ማንጠልጠላችሁ አይቀርም።

ስፖኪዮ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ከሄልሜቱ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። በግራ በኩል አስገጥሙት።

አሁን ወደ ባጃጁ። ባጃጅ ድንገት የሚቆመው ሁለት ጊዜ ነው፤ ወራጅ ሲኖርና ዳር ላይ ተሳፋሪ ሲያይ። ፍሬቻ ካሳየ ጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ግን አያሳይም። ስለዚህ የሾፌሩን ጭንቅላት እዩ። አንገቱን ወደ ቀኝ ካዞረ፣ ባጃጁም ወደ ቀኝ እየመጣ ነው። በዚያች ሰዓት በቀኙ መግባት ማለት በእሱና በመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ መሀል መጣበቅ ነው። ከኋላው ቆዩ። ተሳፋሪው የትኛው ጎን እንደሚወርድም አይታወቅም። ከቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፋችሁም አትሂዱ፤ ትንሽ ገባ ብላችሁ ቀጥ ባለ መስመር ንዱ። የጆሮ ማዳመጫ አይታሰብ። "ወራጅ አለ!" የሚለውን መስማት አለባችሁ።

ደቻቱ ድልድይ በጠዋትና በማታ ግርግር ሲጨናነቅ ወርዶ እየገፉ ማለፍ ነውር የለውም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ጎርፉ አስፋልት ላይ የሚተወውን አሸዋ ተጠንቀቁ። እዚያ ላይ አትጠምዝዙ፣ የፊቱንም ፍሬን አትጨብጡ። ቀድማችሁ ቀዝቅዙና ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

ወደ መልካ ጀብዱ የምትመላለሱ፣ ጠዋት ስትሄዱም ማታ ስትመለሱም ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ይመቻል፤ ከፊት ለፊታችሁ የሚመጣው ሾፌር ግን ፀሐይዋን በዓይኑ እያየ ነው። ሊቀድም ወደ እናንተ መስመር ቢገባ አላያችሁም ማለት ነው። የፊት መብራት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የደንገጎን መንገድ ግን ለሥራ መመላለሻ አልጠቁምም። ከአወዳይ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ይበራሉ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬንም ይግላል።

ጎሚስታና ሳይክል ሠሪ አንድ አይደሉም። ቀዳዳ ለመለጠፍ የሰፈር ጎሚስታ በቂ ነው፤ የግራር እሾህ ባለበት አገር ቶሎ ቶሎ ታዩታላችሁ። አየር ሲሞላ ግን አጠገቡ ቁሙ። ለመኪና የተሠራው ኮምፕሬሰር ካላማዳሪያችሁን በቅጽበት ያፈነዳዋል። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አታሳልፉት። ለፍሬንና ለቸርኬ ሳይክል ሠሪ ጋ ሂዱ። ሠሪውን የምመርጠው በአንድ ነገር ነው፦ ሲጨርስ ራሱ ነድቶ ፍሬኑን የሚሞክር ከሆነ ደንበኛዬ ነው። ካቴናውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያጥለቀልቀውን ግን አቦ ተዉት! የድሬን አቧራ ሰብስቦ ካቴናውን ይበላዋል። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን ጥረጉ፤ ይበቃል።

አንዲት እህት ድሪያ (ሰፊውን ረጅም ቀሚስ) ለብሳ መንዳት ይቻል እንደሆነ ጠይቃኛለች። ይቻላል እህቴ። ከፊት ዝቅ ያለ፣ እግር ማንሳት የማይጠይቅ የሴት ሳይክል ፈልጊ። ካቴናው ሙሉ ሽፋን ያለው ይሁን። ከሌለው ብየዳ ቤት በስስ ላሜራ ይሠሩልሻል። የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ላይም መረብ አሳስሪ። የሻሽሽን ጫፍ ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት ሸጉጪው፤ ሄልሜቱ ከላይ ይደረባል።