ማዳሟ ፓስፖርቷን አልሰጥም አለች፣ እህቴ ምን ታድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ ወገኖች። ታናሽ እህቴ ቤይሩት የቤት ሠራተኛ ናት። ኮንትራቷ አልቋል። ማዳሟ ግን ፓስፖርቷን ቆልፋበታለች፣ ያልከፈለቻት ደሞዝም አለ። እህቴ «ጠፍቼ ልውጣ» እያለች ነው። የምታውቁ ምከሩኝ።

ከቤይሩት ተመላሽ፦ ፓስፖርት መያዝ ልማዳቸው ነው እንጂ መብታቸው አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የቤይሩት ዳኛ አሠሪዋ ፓስፖርቱን እንድትመልስ ወስኗል። ጣጣው ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ ነው። በማዳሟ ስም ስለተያዘ፣ ከቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ተብላ ልትታሰር ትችላለች። ሌላ ቤት በሕጋዊ መንገድ ለመግባትም ማዳሟ መልቀቂያ መፈረም አለባት። ተናዙል የሚሉት እሱን ነው።

አንዷ አባል፦ ኧረ ትውጣ! እኔ ጠፍቼ ወጥቼ ስንት ጊዜ ፍሪላንስ ሠራሁ፣ ማን ነካኝ?

ከቤይሩት ተመላሽ፦ አንቺ ዕድል ቀንቶሽ ነው የኔ እህት። ስንቷ ስትወጣ «ወርቄን ሰረቀችኝ» ተብላ ተከሳለች። ያ ክስ ሳይዘጋ ደግሞ አገር ቤት መግባት የለም። የሚመታት ወይም ምግብ የሚከለክላት ካለ ግን ትውጣ። ልብሷንና ስልኳን ብቻ ትያዝ፣ ከቤቱ መርፌ እንዳታነሳ። አሁኑኑ የኢቃማዋን ፎቶና ሎኬሽኗን በዋትስአፕ ትላክልሽ።

የሕግ ባለሙያ፦ የሊባኖስ የ1946 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አያካትትም። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ የሚያስችል ኮንትራት ወጥቶ ነበር። የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰ፣ በወሩ ታገደ። ሕጉ ለማን እንደሚሠራ ከዚህ ወዲያ ምን ይነገራል? ስለዚህ ብቻዋን አትከራከር። ካሪታስ ሊባኖስ የሚባለው የካቶሊክ ዕርዳታ ድርጅት ጠበቃ አለው። የእኛው ልጆች ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ድርጅትም አለ። ማዳሟ ፓስፖርቱን እምቢ ካለች የኢትዮጵያ ቆንስላ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚያገለግል የጉዞ ሰነድ) ይሰጣል፣ የመውጫ ፈቃዱ ግን ከሊባኖስ ኢሚግሬሽን ነው። ለመሆኑ በኤጀንሲ ነው የሄደችው ወይስ በደላላ?

ጠያቂ፦ በኤጀንሲ። ኮንትራቱ እናታችን ጋ አለ።

የሕግ ባለሙያ፦ ጥሩ ነገር። በአዋጅ 923/2008 መሠረት ኤጀንሲው ለኮንትራቱ ከአሠሪዋ ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። አቤቱታሽን በጽሑፍ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አስገቢ፣ ያልተከፈላትን ደሞዝ በወር በወር ዘርዝሪ። ኮፒውን ስጪ፣ ዋናውን ኮንትራት ለማንም እንዳትሰጪ።