በኦገስት ከዴንቨር ወደ ሰርክ ኦፍ ዘ ታወርስ፦ በካምሪ ይደረሳል?

አውሮራ_ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ዴንቨር አካባቢ ያሉትን አለቶች ስንወጣ ቆይተናል። አሁን ዋዮሚንግ፣ ዊንድ ሪቨር ተራሮች ውስጥ ያለውን ሰርክ ኦፍ ዘ ታወርስ፣ ያንን በአለት ጫፎች የተከበበ ሸለቆ፣ ማየት አምሮናል። ሐሳባችን እዚያ ካሉት ጫፎች አንዱን፣ ፒንጎራን፣ በደቡብ በኩል መውጣት ነው። የአወጣጡ የክብደት ደረጃ 5.8፣ ማለትም መካከለኛ፣ ስለሆነ አለቱ ብዙም አላስጨነቀንም፣ ያስጨነቀን እዚያ መድረሱ ነው። መኪናችን ካምሪ ናት፣ ቢግ ሳንዲ የሚባለው የእግር መንገድ መነሻ ድረስ ትገባለች? ዓርብ ከሥራ ወጥተን ሌሊቱን ነድተን፣ ቅዳሜ ጠዋት መሄድ ጀምረን በዚያው ቀን ጃክአስ ፓስን (ወደ ሸለቆው የሚያሻግረውን የተራራ በር) ተሻግረን ብናድርስ? ሰኞ ማታ ቤት መግባት አለብን። ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ሁለታችንም እንጾማለን። ስንቅ ምን ይሻላል?

ኮረኮንች_77

ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ካምሪ ትገባለች፣ ግን ቀስ ብለህ ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ኮረኮንች አለ፣ የመጨረሻው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ሌላ ጣጣ ነው።

ሌሊት መግባቱን ግን እርሳው። ከብቱ ያለ አጥር ነው የሚሰማራው፣ ሚዳቋውም ድንገት መንገድ መሃል ይገባል። እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን ሲመሻሽ ገብተን አንድ ሹል ድንጋይ የኋላ ጎማችንን ጎኑን ሰነጠቀው። ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ አይለጠፍም፣ ስልክ ደግሞ ምንም አይሠራም። መጠባበቂያችን ያቺ ቀጭኗ ጎማ ነበረች፣ በእሷ እየተንቀራፈፍን እስከ አስፋልቱ ተመለስን፣ ጉዞውም በዚያው ቀረ። ስለዚህ ሙሉ መጠኑን የጠበቀ መጠባበቂያ ጎማ ያዝ። ነዳጅ ፋርሰን የምትባለው ትንሽ ከተማ ላይ ሙላ፣ ከዚያ ወዲያ ማደያ የለም። ከዴንቨር ስድስት ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ዓርብን ፈቃድ ወስዳችሁ በጠዋት ተነሱ። ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያው ስለሚሞላ ሰው ከመንገዱ ዳር ዳር ነው የሚያቆመው፣ ቀድሞ መድረስ ለዚህም ይጠቅማል።

ገመድ_ያዥ

እኔ ስለ እግር መንገዱ ልጨምር፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። መነሻው ራሱ 2,770 ሜትር ላይ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይተናነስም። እስከ ቢግ ሳንዲ ሐይቅ ያለው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፣ እየተጨዋወታችሁ ትደርሳላችሁ። ይሄ ያታልላችኋል። ከሐይቁ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ በድንጋይ መሃል ይጠፋና ወዲያ ማዶ ይገኛል፣ እና ይሄን ሁሉ ገመድ፣ ብረታ ብረት፣ ድንኳንና የሦስት ቀን ምግብ ተሸክማችሁ ነው 3,290 ሜትር ላይ ያለውን ፓስ የምትሻገሩት። ከእንጦጦ ይበልጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከዚያ ማዶ ሲደርስ ራሱን እየፈለጠው ምግብ አልወርድ ይለዋል፣ በእኔም ደርሷል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሐይቁ ጋ እደሩ፣ በማግስቱ ጠዋት ተሻገሩ።

ማዶ ስትወርዱ ሎንሰም ሐይቅ አጠገብ አትተክሉ፣ በዙሪያው 400 ሜትር ገደማ ውስጥ ማደር ክልክል ነው። ውኃውንም አጣሩት ወይም አፍሉት።

ስንቅ ካላችሁ በሶ! እኔ በየጊዜው የምይዘው እሱን ነው። ቀላል ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ የጾም ነው። በትንሽ ፌስታል ጨውና በርበሬ ቀላቅዬ እይዛለሁ፣ ኩባያ ውስጥ ውኃ ጠብ አድርጌ በጣቴ አሸዋለሁ፣ ጨበጥ ጨበጥ አድርጌ እበላዋለሁ። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ያዙ። ግን ድብ ያለበት አገር ስለሆነ ምግቡን በሙሉ፣ የጥርስ ሳሙናውን ጭምር፣ ድብ በማይከፍተው ጣሳ ውስጥ ክተቱና ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ስለ ጾሙ ሰዓት ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ባዶ ሆድ ገመድ ላይ መዋል ለራስም ለባልንጀራም አደጋ ነው።

ኮረኮንች_77

በአንድ ነገር አልስማማም። ከፓሱ በፊት ባለው በአሮውሄድ ሐይቅ ዳር አለት የሚወጡ ሰዎች የሚሄዱበት አቋራጭ አለ፣ ብዙውን ሽቅብ ያስቀራል።

ገመድ_ያዥ

አቋራጩን አውቀዋለሁ። ቤት የሚያህል ድንጋይ ላይ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት፣ ከባድ ቦርሳ ለያዘና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አልመክርም። አንድ ቁርጭምጭሚት ቢታጠፍ ማን ያወጣቸዋል? ባዶ እጃችሁን ከሆናችሁ እሺ።

ደመና_አይ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ መብረቅ። ኦገስት ላይ ጠዋቱ ጥርት ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይዞራል። እኛ ፒንጎራ ላይ አርፍደን ጀምረን ጫፉ አካባቢ ደመናው ከጀርባ መጣብን። አለቱ ራሱ ስለሚጋርደው ቀድሞ አይታይም። ከወገቤ የተንጠለጠለው ብረት እንደ ንብ ቀፎ እምምም ማለት ሲጀምር የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የምትወርዱትም በወጣችሁበት በኩል በገመድ ስለሆነ ሰዓት ይፈጃል፣ ገመዱን ስትስቡ ስንጥቅ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ከፊታችሁ ሌላ ቡድን ካለ ደግሞ ተራ ትጠብቃላችሁ። ጨለማ ሳለ ተነሱ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ጫፍ ላይ ካልደረሳችሁ ተመለሱ። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያም ተከራዩ።

አውሮራ_ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕቅዱን በሙሉ ቀየርነው። ሐሙስንም ዓርብንም ፈቃድ ጠይቀናል። ሐሙስ ሐይቁ ጋ እናድራለን፣ ዓርብ ተሻግረን እናርፋለን፣ ቅዳሜ ፒንጎራ፣ ቅዳሜ ቢበላሽ እሁድ አለ። መንገዱም የተለመደው ነው፣ አቋራጭ የለም። የድቡን ጣሳ ግን የት ልከራይ?

ገመድ_ያዥ

ገንዘብ አታውጡ፣ የእኔን ውሰዱ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዬ ውስጥ ይዤው እመጣለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።